የአንካሳው መምህር ዳሌ

ሴትዮዋ ሰው ሲራመድ ካየች አርፋ አትቀመጥም። ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነው። ጅማት ስታሽ፣ ወገብ ስታቃና፣ የተሰበረ እግር እንደገና መሄድ ስታስተምር አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ከዚያ ወዲህ ሰው ለእሷ ሰው መሆኑ ቀረ። ጉልበት ሆነ። ትከሻ ሆነ። ሰርግ ተጠርታ ሙሽራው ሲገባ ሁሉም እልል ሲል እሷ አጠገቧ ላለችው ሴት «ግራ ቁርጭምጭሚቱን ድሮ ተሰብሯል» ትላለች። ለቅሶ ቤት ወንበር የሚደረድረውን ጎረምሳ አይታ «ይሄ በሠላሳ ዓመቱ ወገቡን ይዞ ይመጣልኛል» ትላለች። ማንም አልጠየቃት። ትክክል መሆኗን ያጣራ ሰውም የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትክክል ነበረች።

ይህን ዓይኗን ይዛ በአርባ ዓመቷ ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ማዶ ተሻገረች። እዚያ ምልከታ የሚባል ትምህርት ገጠማት። በሽተኛ ይመጣል፣ ይራመዳል፣ ተማሪዎቹ ያዩታል፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ሌላውን ሁሉ አልፋ እሱ ላይ ወደቀች። ዓይኔ አይስትም ስትል የኖረች ሴት በማየት ወደቀች። ዋናተኛ ባልዲ ውስጥ ሰጠመ እንደማለት ነው።

ፕሮፌሰሯ ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ አሮጊት ናት። ቢሮዋ አስጠራቻት።

«አንቺ መጀመሪያ ትፈርጃለሽ፣ ከዚያ ታያለሽ» አለቻት። «ዳኛ ብትሆኚ እስር ቤቱ አይበቃሽም ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታ የለም፤ ድጋሚ ፈተና ነው ያለው። አንድ ጊዜ። እሱንም ከወደቅሽ ወረቀቱን ሳትይዢ ነው የምትመለሺው።»

ወረቀቱን ሳትይዝ መመለስ። አገር ቤት መሥሪያ ቤቷ የክፍሉን ኃላፊነት ትረከቢያለሽ ብሎ ወንበሩን ባዶ አስቀምጦላታል። ካልተረከበች ማን እንደሚቀመጥበት ታውቃለች፤ ያ እጁ የከበደው ባልደረባዋ ነው፣ ሲያሽ ጎልማሳ የሚያስለቅሰው። እናቷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሆነች» ብላ ካዳረሰች ስምንት ወር አልፏል። «እማዬ፣ ዶክተር አይደለም እኮ» ብትላት «ዝም በይ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለቻት በስልክ።

ድጋሚ ፈተናው እንዲህ ሆነ። በከተማው ቲያትር ቤት የማርሻል አርትና የአክሮባት ቡድን ለስድስት ወር ሰፍሯል፣ እነሱም ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ድጋሚ የሚፈተኑት ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ ይገባሉ። እያንዳንዱ አንድ ተጫዋች ይመርጣል። ትርኢቱን በሙሉ እሱን ብቻ ያያል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ገጽ ያስረክባል፣ ያየውን ብቻ። ለነፃው ቲኬት ውለታ ደግሞ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የጽሑፎቹ ቅጂ ይደርሰዋል።

ቲኬቱ ለሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛውን አብራት ለምትኖረው ለአገሯ ልጅ ሰጠቻት። ይህቺኛዋ ፋርማሲስት ናት። በዕድሜ አሥር ዓመት ታንሳታለች፤ በምላስ ሃያ ትበልጣታለች። «ወጌሻ» ብላ ነው የምትጠራት።

«ካራቴ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ትምህርት ነው።»

«ካራቴ ካለው እመጣለሁ።»

«ትመጫለሽ ግን አታናግሪኝም። ከሁሉም አንድ ሰው ብቻ መርጬ ነው የማየው።»

«እንዲህ እያልሽ ነው ባልሽንም የመረጥሽው።»

ባሏንም በአራት ሰከንድ ነበር የመረጠችው። ለመፍታት ስድስት ዓመት ፈጀባት።

ቅዳሜ ስትጣደፍ ደብተሯን አልጋ ላይ ትታው ወጣች። የታወሳት ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። አራተኛ ረድፍ፣ አሥራ ሁለተኛ ወንበር። ቀይ ጨርቁ በስንት ሰው መቀመጫ ተልጦ መሐሉ ነጥቷል። ምን ላይ ልጻፍ ብላ ስትንቆራጠጥ በር ላይ ያደሏት ወረቀት እጇ ላይ ነበር። ፊቱ ቀለም በቀለም ነው፣ ጀርባው ባዶ። ገለበጠችውና ጉልበቷ ላይ አነጠፈችው።

«ማስታወቂያ ነው፣ ማን ያነበዋል» አለች።

ፋርማሲስቷ የራሷን አጥፋ ማራገቢያ ሠርታለች። ፕሮፌሰሯ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

መብራቱ ጠፋ። ከበሮ ተመታ። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች በአንድ ጊዜ መድረኩ ላይ ፈሰሱ። የሚዘለው፣ የሚገለበጠው፣ በጭንቅላቱ የሚቆመው፣ ጎራዴ አየር ላይ ወርውሮ ተገልብጦ የሚቀልበው። አንዱ በአንድ ጣቱ ቆመ። አንዷ ቢጫ የለበሰች ልጅ ከሰው ትከሻ ወደ ሰው ትከሻ እንደ ወፍ በረረች። ፋርማሲስቷ «ውይ! ውይ! እናቴ!» እያለች ክንዷን ትቆነጥጣታለች።

እሷ ሕዝቡ የሚያየውን አታይም፤ ለዘፈንና ለዳንኪራ አልመጣችም። ትመርጣለች። ይሄኛው ጤነኛ ነው። ያኛው ጤነኛ ነው። ሁሉም ጤነኛ ሆኑባት፣ ተናደደች።

ከዚያ ሰውየው ገባ።

ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። በራ፣ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ዱላ የተመረኮዘ። ያነክሳል። ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ በሦስት እርምጃ አንድ ጊዜ ፊቱን እያጨማደደ ወደ መሐል መጣ። መድረክ አስተዋዋቂው በማይክሮፎን ስለ ሰውየው የሆነ ነገር ተናገረ፤ አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሰማችም። መጻፍ ጀምራ ነበር።

«ቀኝ ዳሌ። ያረጀ ጉዳት። መገጣጠሚያው አልቋል። እርግጠኛ።»

«እርግጠኛ» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረች።

«ሰውየው ገና ቆሞ አልጨረሰም እኮ» አለች ፋርማሲስቷ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ያዝኩት።»

ወጣቶቹ በዱላ ከበቡት። ሰውየው እያነከሰ አንዱን ጠለፈ፣ ሁለተኛውን በትከሻው ገፍትሮ ጣለ፣ ሦስተኛው ላይ ተሰናክሎ የወደቀ መስሎ ሆዱ ላይ ተቀመጠበት። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። እሷ ጻፈች፤ «ሚዛኑን ይስታል።» ሰውየው በዚያው በሽተኛ በተባለ እግሩ ብቻ ቆሞ እንደ እንዝርት ሦስት ዙር ዞረ። ጻፈች፤ «ሕመሙን ይደብቃል። ጀግና ነው።» ከመሬት ተነሥቶ ትልቅ የሸክላ ጋን አፍ ላይ በአንድ እግሩ አረፈ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ ጻፈች፤ «ማስታገሻ ወስዷል።»

ሰው ከወደደ አይሰማም ይባላል። እሷ ደግሞ ከፈረደች አታይም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ከበሮው ቀስ አለ። ሰውየው መሐል ላይ ዱላውን ተመርኩዞ ቆመ። ሁለት ትከሻው ላይ ሁለት ሰው ወጣ። እነሱ ላይ ሌላ ሁለት። እነሱ ላይ አንድ። ከዚያ ያቺ ቢጫ ለባሽ ተንጠላጥላ አናቱ ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋች። ስድስት ሰው በአንድ ሰው ላይ። ከበሮው ቆመ።

የሰውየው ቀኝ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ጉልበቱ። ከዚያ ጭኑ። ከዚያ እላይ ያለችው ልጅ ቀሚሷ ሳይቀር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ሴትዮዋ የዚያን ዳሌ መገጣጠሚያ ባየችው ቁጥር፣ ማለትም ባሰበችው ቁጥር፣ ሲፈርስ ታያት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ቀድመው ቢያመጡት ኖሮ» ስትል የኖረችው ሁሉ መጣባት።

ብድግ አለች።

«እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ! አውርዷቸው! ዳሌው ነው! ኧረ በእናታችሁ፣ ዳሌው ነው!»

በእናቷ ቋንቋ ነው። ከስምንት መቶ ሰው የገባው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፋርማሲስቷም ወዲያው ከወንበሯ ተንሸራታ እግሮች መሐል ገባች።

ሰውየው አንገቱን ዞር አደረገና አያት። ጠቀሳት። እግሩ መንቀጥቀጡን አቆመ፣ መብራት እንደጠፋ ያህል ቀጥ። ዱላውን ወረወረና ስድስቱን ሰው እንደተሸከመ በሁለት ጤነኛ እግሩ መድረኩን እየዞረ ይጨፍር ጀመር።

አዳራሹ ፈነዳ። መብራት የሚያዞረው ሰውዬ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መብራቱን ከመድረኩ አንሥቶ እሷ ላይ አበራው። ሕዝቡ የትርኢቱ ሰው መሰለችው። ዞሮ ዞሮ አጨበጨበላት። አንዳንዱ ተነሥቶ።

ያ ሁሉ ያልፍ ነበር። የማያልፈው ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«ተቀመጪ» አለ ከወንበር ሥር የመጣ ድምፅ። «ስለ ፈጠረሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ፋርማሲስቷ ብቅ አለች፣ ፀጉሯ ላይ የቲኬት ቁራጭ ተለጥፎ። ጉልበቷ ላይ ያለውን ወረቀት አንሥታ ገለበጠችው።

«ፊቱን አይተሽዋል?»

«የምኑን?»

ፊቱ ላይ የሰውየው ፎቶ አለ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «አንካሳው መምህር። እያነከሰ ሃያውን ያሸንፋል። ተመልካች ሆድ ይዞ የሚስቅበት ክፍል» ይላል። ከጀርባው የእሷ ጽሑፍ አለ። ቀኝ ዳሌ። እርግጠኛ። ሁለት መስመር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ፋርማሲስቷ። «አንቺ ግን አልለቀምሽም። አፍሰሽ እጅ ነሣሽ።»

ዞር ብላ ፕሮፌሰሯን አየች። ፕሮፌሰሯ አትስቅም። ትጽፋለች። ይሄ ባሰ።

ወዲያው አንዲት አስተናጋጅ መጥታ በትሕትና ክርኗን ያዘቻት። ትንሽ አየር ይሻላል አለቻት። ትሕትናዋ ከስድብ ይብሳል። በጎን በር አወጣቻት፤ ረጅም ኮሪደር፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ዱላዎች፣ የተደራረቡ ቀለበቶች፣ ያ ጋን። ቀርባ ስታየው ሸክላ አይደለም፣ ብረት ነው። ዛሬ ያየችው ነገር ሁሉ ሌላ ነገር ሆነባት። ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቱን አጥፋ አጥፋ ጥፍር አሳከለችው።

አለቀ። ጽሑፉ ቢጻፍ ምን ይባላል? ሰውየውን ገና ሲገባ ቀብሬዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አላየሁትም ነው የሚባለው። ወንበሩ ላይ ያ እጀ ከባድ ተቀምጦ ታያት። እግሩን አጣምሮ።

ዕረፍት ሆነ። ተጫዋቾቹ በመጋረጃው በኩል ወጡ። ለሕዝቡ ያሳዩት የነበረው ፈገግታ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ወደቀ፤ ላብ፣ ትንፋሽ፣ ሳል ብቻ ቀረ። ሰውየው መጨረሻ ወጣ። እንደ ጎረምሳ ነው የሚራመደው። አያትና ፊቱ በራ።

ሁለቱም የአገሩን ቋንቋ የተማሩት በችግር ነው። አንቱታ ይኑረው አይኑረው እንኳ ሁለቱም አያውቁም።

«አንቺ መጮህ!» አለ። «በጣም ጥሩ! ሰው ብዙ መሳቅ። ነገም መምጣት?»

«እኔ ሐኪም። እግር መታመም መስሎኝ።»

«እግር?» ቀኝ እግሩን እስከ ራሱ አነሣና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። «እግር ጥሩ! እግር ፈረስ!»

«አየሁ።»

እግሩን አወረደና ከሣጥኑ ላይ የውኃ ጠርሙስ አነሣ። ክዳኑን ያዘ። ለቀቀው። በመዳፉ ሊያዞረው ሞከረ፣ ከዚያ ወደ ጥርሱ ወሰደው። ስድስት ሰው የተሸከመ ሰው ነው። የፕላስቲክ ክዳን አቃተው።

እሷ ተቀበለችና ከፈተችለት። ጠርሙሱን መልሶ ሲቀበል የቀኝ እጁን አየችው። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ይደብቀዋል። ከአውራ ጣቱ ሥር ከፍ ማለት የነበረበት ሥጋ የለም፤ ጎድጉዷል፣ በማንኪያ የተጠለቀ ይመስላል። ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ነርቩ ከተጫነ ቢያንስ ዓመት አልፎታል። ይህን ሁሉ አሰበች እንጂ አልተናገረችም። ለእሷ ብርቅ ነው።

«ስንት ጊዜ?» አለችው ወደ እጁ በአገጯ አሳይታ።

ፈገግታው ጠፋ። እጁን ጀርባው ኋላ ደበቀ። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ፣ የሥራ አስኪያጁ ስም ወደተለጠፈበት በር አየና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ገና አምስት ወር» አለ። «አምስት ወር ሥራ፣ ከዚያ ማለቅ፣ ከዚያ ቤት። እሱ ማወቅ ከሆነ፣ ዛሬ ቤት። ልጅ ሦስት።»

«ልጅቷ እላይ። መውደቅስ?»

«እጅ አልይዝም። ትከሻ ብቻ። እሷ እኔን መያዝ። እሷ ማወቅ።» ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ «አንቺ ሐኪም» አለ። «ሐኪም አፍ…» በሁለት ጣቱ ከንፈሩን ሰፋው።

ልትምልለት ፈለገች፣ የመሐላ ቃል በዚያ ቋንቋ አታውቅም። እሷም ከንፈሯን በጣቷ ሰፋች።

አስተናጋጇ ለሁለተኛው አጋማሽ ከኋላ ቆማ እንድታይ ፈቀደችላት፣ በአንድ ቃል፤ ዝም። ቆመች። የሚገርመው አሁን አየች። ከዚያ በፊት ዓይን አልነበራትም ማለት ይቻላል። ሰውየው ዱላውን በመዳፉ አይጨብጥም፤ ክንዱ ላይ ያሳርፈዋል። ጓደኛውን ሲያነሣ በክርኑ ነው። ቢጫ ለባሿ ልጅ ስታርፍበት እሱ አይቀልባትም፤ እሷ ናት በተረከዟ አንገቱን ቆልፋ የምትቆመው። ማንም አያየውም። ሁሉም የሚያየው እግሩን ነው። ለዚያ ነበር የሚያነክሰው። ሕዝቡ እጁን እንዳያይ እግሩን ይሰጠዋል።

ዘጠና የሚያሰጥ ጽሑፍ ነው። ሙሉ ሁለት ገጽ፣ አንድም ግምት የሌለበት። አፏ ደግሞ ተሰፍቷል።

እሑድ ጠዋት ጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ተዘርግቷል። ፋርማሲስቷ አልጋው ላይ ተጋድማ ብስኩት ትበላለች።

«ጻፊው።»

«ሥራ አስኪያጁ ያነበዋል።»

«ያንብበው! ሰውየው ዘመድሽ ነው? ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«አንቺ? አንቺ የጎረቤታችንን ኪንታሮት ለፖስተኛው የነገርሽ ሴትዮ?»

«ምክር ነበር የሰጠሁት።»

«ለፖስተኛው!»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፣ የእሷ ስንት ጊዜ እንደከዳት ቆጥራው አታውቅም። አሁን ግን ሦስት ልጅ አለበት። ስለ ቢጫ ለባሿ ልጻፍ አለች፤ ልጅቷን አላየቻትም። በአንድ ጣቱ ስለቆመው፣ አላየችውም። ያላዩትን መፍጠር ደግሞ መጀመሪያ የጣላት እሱ ነው። የመጨረሻው ቀን ነው። የሚጻፍ ሰው የለም።

በንዴት ፋርማሲስቷን ልታይ ስትዞር አንገቷ አልዞር አለ። ከትላንት ጀምሮ ደርቋል። በእጇ ዳሰሰችው፣ ገመድ ሆኗል። ትከሻዋን ዳሰሰች፣ ጆሮዋ ሥር ነው ያለው። መንጋጋዋን ከፈተች፣ ቀጭ አለ።

ብዕሩን አነሣች።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ ማንበብ ጀመረች። እሷ ወንበር ጫፍ ላይ ናት። ፋርማሲስቷ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃታለች።

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «የተመረጠችው አንዲት ሴትዮ ናት። አራተኛ ረድፍ፣ አሥራ ሁለተኛ ወንበር። ዕድሜ አርባ። ትርኢቱ ሳይጀመር ሁለቱም ትከሻዎቿ ተሰቅለው ነበር። ብዕር የምትይዘው ጠላት እንደምታንቅ ነው። አንድ ሰው እያነከሰ ሲገባ አንገቷ ወደ ፊት ወጣ፤ እስከ እሑድ አልተመለሰም። ከበሮው ሲቆም ትንፋሿ ቆመ፤ ምን ያህል እንደሆነ አልተለካም፣ ምክንያቱም ለካቿም ያቺው ናት። ከዚያ ተነሥታ ጮኸች። ለመነሣት የጉልበትም የወገብም ችግር አልታየባትም። ሲጨበጨብላት ከወገቧ ጎንበስ አለች፤ ማንም አላስገደዳትም። ቀጥሎ ለሃያ ደቂቃ ከአዳራሹ ውጪ ነበረች። በዚህ ጊዜ ያደረገችው አልተመዘገበም።»

ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው።

ፕሮፌሰሯ አንብባ ጨረሰችና መነጽሯን አወለቀች።

«ተጫዋች ምረጡ ነበር ያልኩት።»

«አጨብጭበውልኛል እኮ።»

ፕሮፌሰሯ አልሳቀችም። አፏ አካባቢ ግን የሆነ ጡንቻ ነገር ሠራ።

«ሃያው ደቂቃ ለምን አልተመዘገበም?»

«ምንም ስላልታየ።»

«ኮሪደር ላይ?»

«ምንም።»

«እጁንም?»

ፊቷን ለመቆጣጠር ሞከረች። አርባ ዓመት ያልታዘዘ ፊት ያን ዕለት ሊታዘዝ አይችልም።

«የምን እጅ?» አለች።

ፕሮፌሰሯ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «በየማክሰኞው እዚህ ይመጣል» አለች። «እኔ ነኝ የማስርለት። ቀዶ ሕክምና ተይዞለታል፣ ሥራው እንዳለቀ። እሱ ከሥራ አስኪያጁ ይደብቃል። ሥራ አስኪያጁ ማወቁን ከእሱ ይደብቃል፤ የሕክምናውን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ሰውየው በዩኒቨርሲቲው ወጪ ይመስለዋል። ልጅቷ ከሁለቱም ትደብቃለች። አንቺ አምስተኛ ነሽ።»

እሑድን ሙሉ የተሰዋችለት ምሥጢር አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነበር። በሕይወቷ አንድ ቀን አፏን ብትዘጋ የዘጋችው ክፍት በር ላይ ሆነ።

«እና ብጽፈው ኖሮ?» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ዘጠና ታገኚ ነበር።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«ቅጂውን እኔ ነኝ የምልከው። የትኛውን እንደምልክ አውቃለሁ።»

ውጪ ፋርማሲስቷ ስትስል ተሰማ፣ ለጥድፊያ የምትስለው ሳል።

«አሁንስ?» አለች።

ፕሮፌሰሯ ብዕሯን አንሥታ የወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈችና አዞረችላት። ሃምሳ አንድ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

«ለካቿም ያቺው ናት ባልሽው ነው ያለፍሽው» አለች። «ያላየሽውን አላየሁም ያልሽበት ብቸኛው ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረው ቀልድ ነው።»

ማለፏ ገባት። ወረቀቱ፣ ወንበሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ገባት። አመስግና መውጣት ነበረባት። አፏ ግን ከትላንት ወዲያ ጀምሮ ዝም ስላለ ተጠራቅሞበታል።

«ስልሳ ቢሆን ግን…»

«ውጪ።»

ወጣች። ፋርማሲስቷ ከአግዳሚው ላይ ዘላ ተነሣች።

«ስንት?»

«ሃምሳ አንድ።»

«አለፍሽ?! ወጌሻ! ታዲያ ምን ፊትሽን አጠቆርሽው? ስለ ማን ጽፈሽ ነው?»

«ስለ አንዲት ሴትዮ።»

«ምኗን ነው የታመመችው?»

«አፏን።»

«ይድናል?»

«አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበት አይደለም፣ እኔ እንጃ» አለችና ኮሪደሩን ፈጠን ፈጠን እያለች ወረደች። ፋርማሲስቷ «ቆይ፣ ቆይ፣ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» እያለች ከኋላዋ ትሮጣለች። ሴትዮዋ አልነገረቻትም። እስከ ደረጃው ድረስ።